ስለ እንጨትና ስለ ጠራቢው

ከጎንደር በስተ ምዕራብ፣ ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የጭልጋ አገር ከተማ አይከል ትገኛለች። በጭልጋ ምድር ውስጥ ወደ ድንጋይነት የተለወጠ እንጨት አለ። ሊቃውንት መርምረው ዕድሜው 27 ሚሊዮን ዓመት ያህል እንደ ሆነ አስታውቀዋል። ይሁን እንጂ የሚያስደንቀው ዕድሜው ብቻ አይደለም፤ ድንጋይ ከሆነ በኋላ እንኳ እንጨትነቱ ሳይጠፋ መታወቁ ነው። እንጨት የኑሮውን ነገር በገላው ጽፎ ያኖራልና። ይህን ጽሕፈት በእጁና በዐይኑ ማንበብ የተማረ ሰው መልካም ጠራቢ ይባላል።

የጠራቢው የመጀመሪያ ትምህርት ዛፎችን ለይቶ ማወቅ ነው። ወይራ ከባድና ጽኑ ስለ ሆነ ለመጥረቢያ ዛቢያና ለዘነዘና ይመረጣል። ጽድ መዓዛ ያለው ነው፤ ምስጥና ብስባሴም ቶሎ አይደፍሩትም፤ ስለዚህ ምሰሶ ይሆናል። ዋንዛ ግን ለመሮ የሚታዘዝ እንጨት ነው፤ ከበሮውም ገበቴውም መዝጊያውም ከእርሱ ይወጣል። ጄምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1770 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ ነበር። በመጽሐፉም ዋንዛ በየቤቱ ዙሪያ ተተክሎ ስለ ነበረ ከተማው ከሩቅ ሲያዩት ዱር ይመስል እንደ ነበር፣ በክረምትም መጨረሻ በነጭ አበባ ይሸፈን እንደ ነበር ተርኳል።

ሁለተኛው ትምህርት ትዕግሥት ነው። አዲስ የተቈረጠ ግንድ ብዙ ውሃ በውስጡ አለ። በፀሐይ ቢያሰጡት ውጪው ከውስጡ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ደግሞም እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ እምብዛም አይቀንስም፤ በዙሪያው ግን ይሰበሰባል። ልቡ ያልወጣለት ሙሉ ግንድ የሚሰነጠቀው ስለዚህ ነው። ብልህ ከበሮ ሠሪ ግንዱን ቦርቡሮ ልቡን ያወጣል፤ በጥላም አኑሮ ቀስ በቀስ እንዲደርቅ ይተወዋል። በሚጠርብበት ጊዜም የእንጨቱን ጅማት ይከተላል። ጅማቱን ተቃውሞ ቢመታው እንጨቱ ይቦጨቃል፤ ተከትሎት ቢሄድ ግን ይለሰልሳል። ቅርንጫፍ የነበረበትን ጕጥ ባገኘ ጊዜ ችኩሉ ሰው ይቈጣል፤ ብልሁ ግን ዕቃውን ከጕጡ ጋር አስማምቶ ጉድለት የመሰለውን ጌጥ ያደርገዋል። እንዲህ ሲሆን ሰው እንጨቱን ያዝዛል፤ እንጨቱም ሰውን ያስተምራል።

የዚህ ዕውቀት ፍሬ ለብዙ ዘመን ይኖራል። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት፣ ይኸውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1434 እስከ 1468 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ፍሬ ጽዮን የሚባል ሠዓሊ ነበረ። በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት የእመቤታችንን ሥዕል በእንጨት ሳንቃ ላይ ሥሏል። ሳንቃው ክፉ ሆኖ ተጣሞ ቢሆን ቀለሙ በረገፈ ነበር፤ ነገር ግን ሥዕሉ ከ500 ዓመት በላይ ኖሯል። የሠዓሊው ስም በሥዕሉ ላይ ተጽፏል፤ ሳንቃውን የጠረበው እጅ ግን አልተነገረለትም። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴም እንዲሁ ነው። የሚገባው ሁሉ ዐይኑን ወደ ጣራው አንሥቶ ክንፍ ያላቸውን የመላእክት ፊቶች ያደንቃል፤ ጣራውን የተሸከሙትን ወራጆች ግን የሚመለከት ጥቂት ነው።

በቀድሞ ዘመን ባለ እጅ ከመረሳትም አልፎ ይናቅ ነበር። ብረት ሠሪው፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ በሥራቸው ስም ይሰደቡ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህን ስድብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጅ ግን የሚከለክለው አንደበትን ነው፤ ንቀትን ከልብ ማውጣት የእያንዳንዱ ሰው ፈንታ ነው። የንቀት ጉዳቱም በተሰደበው ሰው ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። ልጅ የአባቱ ሥራ ሲናቅ ካየ ያፍርበትና ይተወዋል፤ የብዙ ትውልድ ዕውቀትም ከሽማግሌው ጋር ይቀበራል።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፣ በቤታችሁ ያለውን ሙቀጫ አስተውላችሁ ተመልከቱ። ሳይሰነጠቅ ብዙ ዓመት ካገለገለ የሠሪውን ትዕግሥት ይመሰክራል። የተቻኮለ ሰው ስንጥቁን በሰም ደፍኖ ዕቃውን በገበያ ሊሸጥ ይችላል፤ እንጨቱ ሲደርቅ ግን ተንኰሉ ይገለጣል። ስለዚህ በምትሠሩት ሥራ ሁሉ አስቀድማችሁ የሥራውን ጠባይ ዕወቁ፤ ከዚያም ሳትቸኵሉ ሥሩት። ባለ እጅንም አክብሩት። አንድ ዋንዛ ብትቈርጡ ሌላ ትከሉ፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ጠራቢ የሚያነበው እንጨት ያስፈልገዋልና።