ከከተማ መብራት የተረፉት ኮከቦች

«ከአዲስ አበባ ኮከብ አይታይም» ሲባል እንሰማለን። ነገሩ ግማሹ እውነት ነው። ፍኖተ ሐሊብ ከመሀል ከተማ ከጠፋ ቆይቷል፤ ደብዛዛዎቹ ኮከቦችም አብረውት ሄደዋል። ጨረቃ፣ በዓይን የሚታዩት አምስቱ ፕላኔቶችና ብርቱዎቹ ኮከቦች ግን ዛሬም አሉ። ሰማይ ማየት ለሚጀምር ሰውና ለጓደኞቹ ይህ የተረፈው ይበቃል፤ እንዲያውም ለጀማሪ ከገጠሩ ሰማይ ይልቅ የከተማው ይቀላል ብዬ እከራከራለሁ። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ገጠር የወጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ሺህ ያህል ኮከብ ይመጣበትና የትኛው የቱ እንደሆነ ይጠፋዋል። መሀል ከተማ የሚቀሩት መቶ ገደማ ናቸው። መቶ ደግሞ ተለምዶ የሚያልቅ ቁጥር ነው።

የቀሩት ወዴት ሄዱ? የትም አልሄዱም። በሠርግ ድንኳን ውስጥ የሚያንሾካሽክ ሰው ድምፁ ባይሰማም ማውራቱን አላቆመም፤ የበዛው የዙሪያው ጫጫታ ነው። ከመንገድ መብራት፣ ከሕንፃና ከማስታወቂያ ሰሌዳ ወደ ላይ የሚያመልጠው ብርሃን በአየሩ ውስጥ ካሉ ሞለኪውሎች፣ ከአቧራና ከጭስ ጋር እየተጋጨ ይበተናል። ከተበተነው ከፊሉ ወደ ዓይናችን ይመለስና የሰማዩን ጥቁር መደብ ግራጫ ያደርገዋል። ደብዛዛው ኮከብ ከዚህ ግራጫ መለየት ሲያቅተው ጠፋ እንላለን። ሰማያዊ ብርሃን ከቢጫው የበለጠ የመበተን ጠባይ አለው፤ በንጹሕ አየር ውስጥ ሦስት እጥፍ ያህል። ስለዚህ ከቀድሞዎቹ ቢጫ የሶዲየም አምፖሎች ይልቅ የዛሬዎቹ ነጫጭ ኤልኢዲዎች፣ የብርሃኑ መጠን እኩል ቢሆን እንኳ፣ ሰማዩን የባሰ ያነጡታል። በኮሪደር ልማቱ የተዋቡትን ጎዳናዎች ሌሊት ቆሞ ወደ ላይ ያየ ሰው ልዩነቱን ሳያስተውል አይቀርም።

ከዚህ ሁሉ ጋር አዲስ አበባ ብዙ ከተሞች የማያገኙት ሁለት ዕድል አላት። አንዱ ከፍታዋ ነው። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ በመሆኗ ከአየሩ ሩብ ያህሉን ከእግራችን በታች ትተን ነው የምናየው። እንጦጦ ላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአንድ አንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ቀጭን አየር ነው። ሁለተኛው ዕድል ቦታዋ ነው። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከዓመት ዓመት የሰሜኑን ሰማይ ከሞላ ጎደል ሁሉን፣ ከደቡቡም አብዛኛውን ታያለች። የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ይላል፤ ክንድን ዘርግቶ ጭብጥን ሲያዩት ከሚሸፍነው ጥቂት ያንሳል። እንጦጦ ሥር ላለ ሰው ጋራው ይጋርደዋል፤ ከቦሌ በኩል ለሚያይም የከተማው ጭስ ያደበዝዘዋል። ብዙ የውጭ መጻሕፍት «በሰሜን ኮከብ ጀምሩ» ይላሉ። እኛ በእሱ አንጀምርም።

የምንጀምረው ኦሪዮን በሚባለው የኮከቦች ስብስብ ነው። ጥር ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ አናት ላይ ይሆናል። ከመውጣታችሁ በፊት ግን ሁለት ዓይነት ብርሃን እንዳለ አስቡ። የከተማውን አጠቃላይ ወገግታ ማንም ብቻውን አያጠፋውም። በቀጥታ ዓይን የሚወጋው የጎረቤት አምፖል ግን መፍትሔ አለው፦ የግቢውን መብራት ማጥፋት፣ የጎረቤትን ሰው በትሕትና ለግማሽ ሰዓት መለመን፣ ካልሆነም ግድግዳ ወይም የውኃ ታንከር ከለላ አድርጎ መቀመጥ። የኮንዶሚኒየም ጣራ ላይ ከሆናችሁ ዘበኛውን አስቀድሞ ማናገር ነው፤ ብዙ ጊዜ እሱም መጥቶ ያያል። ዓይን ጨለማን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ በዓይን ውስጥ ብርሃን የበላው ሮዶፕሲን የሚባለው ኬሚካል እስኪተካ ማለት ነው። ከመካከላችሁ አንዱ ስልኩን ብልጭ ካደረገ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራል። ለዚህ ነው ስልክ ወደ ኪስ የሚገባው። ስቴላሪየምን የመሳሰለ መተግበሪያ ጥሩ ነው፤ ግን መጀመሪያ በራስ ዓይን ፈልጎ፣ ተከራክሮ፣ ከዚያ ማረጋገጥ ይሻላል። ክርክሩ ከሌለ ጓደኛ ይዞ መውጣት ምን ያደርጋል?

ሰሌን አንጥፉ፣ ጋቢ ደርቡ፣ በጀርባ ተኙ። በአንድ መስመር የተደረደሩትን ሦስት ኮከቦች ያላየ አይኖርም፤ የኦሪዮን ቀበቶ ናቸው። በቀበቶው አንድ ወገን ቀላ ያለው ቤቴልጁስ፣ በሌላው ወገን ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ራይጀል አለ። ቀለማቸው የሙቀት ነገር ነው፤ ቀዩ ቀዝቀዝ ያለ፣ ሰማያዊው የጋለ። የቀበቶውን መስመር ወደ ደቡብ ምሥራቅ ብትቀጥሉት ሲሪየስን ያገኛል፣ ከሌሊቱ ኮከቦች ሁሉ ብርቱውን። ወደ ሌላው ጎን ብትቀጥሉት አልዴባራንን፣ አለፍ ብሎም ሰባቱ ከዋክብት የሚባሉትን፣ ከከተማ አምስት ስድስቱ ብቻ የሚለዩትን እፍኝ ኮከቦች ታገኛላችሁ። ከሲሪየስ በታች፣ ከደቡቡ አድማስ ሦስት ጭብጥ ያህል ከፍ ብሎ የሚያበራው ካኖፐስ ነው፤ በብርታት ሁለተኛው። ለንደን ወይም በርሊን ያለ ሰው ካኖፐስን ከቤቱ ደጅ ሆኖ በፍጹም አያየውም። ከ300 የብርሃን ዓመት በላይ ስለሚርቅ ዛሬ የምናየው ብርሃኑ የተነሣው ነገሥታቱ ጎንደር ላይ በነበሩበት ዘመን ነው።

የቦረና ዘመን ቆጣሪዎች፣ አያንቱዎች፣ ቀንና ወር የሚቆጥሩት ጨረቃ ከእነዚሁ ኮከቦች ጋር ስትገናኝ እያዩ ነው። አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት «ገዳ» በተሰኘው መጽሐፋቸው እንደመዘገቡት ለቆጠራው የሚያገለግሉት ሰባት ናቸው፦ ትሪያንጉለም፣ ሰባቱ ከዋክብት፣ አልዴባራን፣ ቤላትሪክስ፣ የኦሪዮን መሀል፣ ሳይፍና ሲሪየስ። ከእነዚህ ውስጥ የአዲስ አበባ መብራት የሚያስቸግረው ትሪያንጉለምን ነው፤ ስድስቱ ከጣራ ላይ ይታያሉ። ያለ ምንም መሣሪያ የዘመን መቁጠሪያ የቆመባቸው ኮከቦች ለእኛም አሉ ማለት ነው።

መሣሪያ መግዛት ካማራችሁ ባይኖኩላር ግዙ። ሳጥኑ ላይ «525 ጊዜ ያጎላል» ብሎ የሚፎክር ርካሽ ቴሌስኮፕ ገንዘብ ማባከኛ ነው፤ እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ ምስሉም ይደበዝዛል። 10×50 የሚል ባይኖኩላር አሥር ጊዜ ያቀርባል፤ 50 ሚሊሜትር የሆነው ሌንሱ በጨለማ እስከ 7 ሚሊሜትር ከሚከፈተው የዓይን ብሌን ጋር ሲነጻጸር 50 እጥፍ ያህል ብርሃን ይሰበስባል። ለከተማ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ሲያጎላ የሰማዩን ግራጫ ይዘረጋዋልና ያሳሳዋል፤ ኮከብ ግን ቢጎላም ነጥብ ስለሆነ አይሳሳም። ስለዚህ በባዶ ዓይን የተዋጡት ከግራጫው ውስጥ ብቅ ይላሉ። ከኦሪዮን ቀበቶ ወደ ደቡብ ትንሽ ወረድ ብትሉ 1,300 የብርሃን ዓመት የራቀው ኔቡላ የሚባለው የጋዝና የአቧራ ደመና ጭጋግ መስሎ ይታያል። በቀጥታ ሳይሆን ትንሽ ጎኑን ስታዩት ይደምቃል፤ የዓይን መሀል ደብዛዛ ብርሃን የሚለዩት ሴሎች የሉትምና።

ጁፒተር ባለበት ወቅት ክርናችሁን አጥር ላይ አስደግፉና ጋሊሊዮ በ1610 (እ.ኤ.አ.) ጥር ላይ ያያቸውን አራት ጨረቃዎች ፈልጉ። እያንዳንዱ ሰው ሳይነጋገር ያየውን በወረቀት ይሣል፤ ከዚያ አስተያዩ። በማግሥቱ ስትደግሙት ቦታቸው ተለዋውጦ ታገኙታላችሁ፤ ከአራቱ ለጁፒተር ይበልጥ የምትቀርበው አዮ በ42 ሰዓት አንድ ዙር ትጨርሳለችና። የእኛዋን ጨረቃ ደግሞ ሙሉ ስትሆን አትዩ። ግማሽ ስትሆን በብርሃንና በጨለማው ድንበር ላይ የተራሮቹ ጥላ ስለሚረዝም ጉድጓዶቹ ጎልተው ይወጣሉ።

ክረምት ሲገባ ሰማዩ ይዘጋል። ከዚያ በፊት ግንቦት ላይ ደመናው ፋታ ከሰጠ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ከደቡቡ አድማስ ሁለት ጭብጥ ያህል ከፍ ብሎ የሚቆመውን የደቡብ መስቀልን ፈልጉ።

በመጨረሻ ደብተር ያዙ። የኦሪዮንን ትከሻና እግር በሚያገናኘው አራት ማዕዘን ውስጥ የሚታዩትን ኮከቦች ቁጠሩ፤ ቀኑን፣ የጨረቃውን ሁኔታና ቁጥሩን ጻፉ። ሰፈሩ መብራት የጠፋበት ምሽት ሲያጋጥም ከማማረራችሁ በፊት ወጥታችሁ እንደገና ቁጠሩ። ቁጥሩ ብዙ ከጨመረ ችግራችሁ የቅርቡ አምፖል ነበር ማለት ነው፤ ለዚያ ከለላ ወይም ሌላ ጣራ ይፈለጋል። ብዙም ካልጨመረ ሰማዩን ያነጣው የመላው ከተማ ወገግታ ነውና፣ ደብዛዛዎቹን ለማየት የሚቀረው መኪና አዋጥቶ ከከተማ መውጣት ነው።