ድንቅነሽ ፊት ቆሞ ማስረዳት፦ ለአዲስ አስጎብኚ

ሙዚየም ውስጥ አዲስ አስጎብኚ ሲቀጠር ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰጠው ወረቀት ነው፤ ዓመተ ምሕረት፣ ስም፣ ቁመት። ሸምድዶ ሲጨርስ ጎብኚ ይረከባል። እኔ ግን ማስጎብኘት የሚሠለጠኑበት ሙያ ነው ባይ ነኝ፤ ሥልጠናውም ከወረቀቱ ሳይሆን ከቅርሱ መነሣት አለበት። በአዲስ አበባው ብሔራዊ ሙዚየም ያለችውን የቀደምት ሰው ዓጽም፣ ድንቅነሽን፣ እንያዝና ደረጃ በደረጃ እንሂድ።

መጀመሪያ ማየት። ሠልጣኙ ምንም ሳይናገር መስታወቱ ፊት ዐሥር ደቂቃ ይቁምና ዓይኑ ያየውን ብቻ ይጻፍ። ብዙዎች «3.2 ሚሊዮን ዓመት» ብለው ይጀምራሉ። ይህ የተነገራቸው እንጂ ያዩት አይደለም። የሚታየው የአጥንቶቹ ትንሽነት፣ የጎደለው ብዛት፣ የታችኛው መንጋጋ፣ የጭኑ አጥንት ነው። የጭኑ አጥንት ላይ ቆየት ይበሉ፤ ከዳሌ ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ያጋድላል። ኋላ የምንፈልገው ይህንን ነው።

ቀጥሎ ወረቀቱን በሦስት ዓምድ ይክፈሉት። በአንደኛው የሚታየው፣ በሁለተኛው ተመራማሪዎች ከሚታየው ተነሥተው የደረሱበት፣ በሦስተኛው ገና የሚያከራክረው ይጻፍ። የአጥንቱ ማጋደል አንደኛው ዓምድ ውስጥ ይገባል። «በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር» የሚለው ሁለተኛው ውስጥ ነው፤ የሚራመድ ሰው ክብደቱን በአንድ እግሩ ላይ ሲጥል ጉልበቱ ከሰውነቱ ሥር እንዲውል የሚያደርገው ይህ ማጋደል ነውና። ቺምፓንዚ የለውም። መጨረሻ ላይ የሚበቅሉት መንጋጋ ጥርሶቿ ወጥተዋል፤ ስለዚህ ቁመቷ አንድ ሜትር ከጥቂት ቢሆንም ሕፃን አልነበረችም። ዕድሜዋ የታወቀው ደግሞ አጥንቷ ተለክቶ ሳይሆን፣ በተገኘችበት በአፋር ሐዳር ያሉት የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብሮች ተለክተው ነው። አሟሟቷ ሦስተኛው ዓምድ ውስጥ ይቀመጣል። በ2016 እ.ኤ.አ. ከዛፍ ወድቃ ሞተች የሚል ጥናት ወጥቶ ነበር፤ አጥንቷን ያገኘውን ዶናልድ ጆሃንሰንን ጨምሮ ሌሎች ተመራማሪዎች አልተቀበሉትም። ዓምዶቹን ያልለየ አስጎብኚ ግን ይህንን እንደ ተረጋገጠ ነገር ሲናገር ይውላል።

ለሕዝብ የምትታየው ቅጂዋ መሆኗንም ጎብኚው ሳይጠይቅ ይንገሩት፤ ዋናው አጥንት ለደኅንነቱ ሲባል ለብቻው ይቀመጣል። ቅጂው የዋናውን ቅርጽ ስለያዘ የጭኑ አጥንት ማጋደል በእሱም ላይ ይታያል። ይህ ሲነገረው ጎብኚው ተታለልኩ አይልም።

አሁን ጭብጥ እንምረጥ። አሜሪካዊው የሙያው መምህር ሳም ሃም አጥብቀው የሚያስተምሩት ርእስና ጭብጥ የተለያዩ መሆናቸውን ነው። «ድንቅነሽ» ርእስ ነው። «ቀደምቶቻችን አንጎላቸው ከማደጉ በፊት ቀጥ ብለው ሄዱ» ግን ጭብጥ ነው፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ ጎብኚው ለቤተሰቡ ሊያወራው ይችላል። የዝርያዋ አንጎል ከቺምፓንዚ ብዙም አይበልጥም ነበር፤ እርምጃዋ ግን የእኛው ዓይነት ነው። ጭብጡ ከተያዘ ወዲያ እያንዳንዱ መረጃ ይመዘናል። «ሉሲ» የተባለችው በቁፋሮው ሰፈር ሲሰማ ከነበረ የቢትልስ ዘፈን መሆኑ ደስ ይላል፤ ሲጠየቁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመልሱት እንጂ ገለጻ አይክፈቱበት። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. መገኘቷም እንዲሁ ነው።

አራተኛው ደረጃ ጥያቄ መጠየቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ የምወስደውም እዚህ ላይ ነው። ተማሪዎቻችን «ገብቷችኋል?» ሲባሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ማለት ለምደዋል። ይህ ጥያቄ አይባልም፤ ምንም እንዲያስቡ አያደርግምና። አቢጌል ሃውዘንና ፊሊፕ የናዊን ለሥዕል ትምህርት ያዘጋጇቸው ሦስት ጥያቄዎች ለእኛም ይጠቅማሉ። በእኛ ቋንቋ እንዲህ ይሁኑ፦ እዚህ ምን ይታያችኋል? ምን አይታችሁ ነው እንደዚያ ያላችሁ? ሌላስ ምን አለ? ሁለተኛዋ ጥያቄ ትበልጣለች፤ ልጁን ከግምት ወደ ማስረጃ ትመልሰዋለች። ከጠየቁ በኋላ በልብዎ እስከ አምስት ቆጥረው ይጠብቁ። አብዛኛው ጀማሪ ዝምታውን ስለማይችለው የራሱን ጥያቄ ራሱ ይመልሳል። እውነቱን ለመናገር ግን እነዚህ ጥያቄዎች ለአጥንት ብቻቸውን አይበቁም፤ ሥዕልን ማንም እንደ መሰለው ሊያነበው ይችላል፣ የዓጽም ዕድሜ ግን በግምት አይገኝም። ስለዚህ ከፍተው የሚገቡባቸው እንጂ ገለጻውን የሚተኩ አይደሉም። ማጋደሉ እንዲገባቸው ልጆቹ ጭናቸውን ከዳሌ እስከ ጉልበት ዳስሰው ጥቂት ይራመዱ፤ ከዚያ ወደ አጥንቱ ይመለሱ።

ፍሪማን ቲልደን ስለ ቅርስ ገለጻ በ1957 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ለልጆች የሚሰጥ ገለጻ ለአዋቂ ከሚነገረው ተቀንሶ የሚሰጥ ሳይሆን ከሥሩ በሌላ መንገድ የሚዘጋጅ ነው ብለዋል። ይህንን የማያውቅ ሥልጠና ጎዶሎ ነው።

ከዚያ ልምምድ ይቀጥላል። ሠልጣኙ አንድ ነባር አስጎብኚ ተከትሎ ይዞራል፤ ኋላ ነባሩ እሱን ይከተለዋል። ተከታዩ «ጥሩ ነበር» ብሎ አይጻፍ። ጎብኚዎች ዓይናቸውን የት ጣሉ? ማን ጠየቀ? ስልክ መቼ ወጣ? ይህን ይመዝግብ።

ቅርሱ የሚጸለይበት ሲሆን አንድ ዓምድ ይጨመራል። በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገቡት የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት የዓለት ፍልፍል ናቸው፤ መላእክት በሌሊት ይሠሩ ነበር የሚለው ትውፊት ደግሞ የምእመናኑ ነው። ይህንን የሚያከራክረው ዓምድ ውስጥ ማስገባት ምእመኑን ማቃለል ነው፤ የሚታየው ዓምድ ውስጥ ማስገባትም ጎብኚውን ማሳሳት ነው። አራተኛው ዓምድ «አማኞቹ እንዲህ ይላሉ» ይባል፤ የሚነገረውም በእነሱው አክብሮት ነው። ቅዳሴ ላይ ከሆነ ገለጻው ውጭ ያልቃል።

ፈተናው አጭር ነው። ጎብኚዎቹ ሲወጡ ሌላ ሰው በር ላይ ይቁምና «ምን ይዛችሁ ወጣችሁ?» ይበላቸው። የሚመልሱት ወደ ጭብጡ ከተጠጋ ሠልጣኙ አልፏል። «3.2 ሚሊዮን ዓመት» ብቻ ካሉ ጭብጡን እንደገና ይጻፍና በማግስቱ ሌላ ቡድን ይረከብ።