ተንቀሳቃሹ ፒያኖ፤ አተካከሉ፣ አጨዋወቱና አያያዙ



በዚህ ጽሑፍ ልንነጋገርበት የፈለግነው በየመዘምራኑ ክፍል፣ በየወጣቱ ማኅበርና በየቤቱ ስለሚገኘው፣ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራው ተንቀሳቃሽ ፒያኖ ነው። አንዳንዱ ኪቦርድ ይለዋል፤ ታላላቆቻችን ግን ዛሬም ኦርጋን ነው የሚሉት። ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ ይህ ዕቃ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ብዙ በመጫወት ብዛት ሲበላሽ አይታይም። የሚበላሸው በመብራት፣ በአቧራ፣ በእርጥበትና በመንገድ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ሲበላሽ ያየ ሰው ደግሞ ይፈራና ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። ይህ ሁለተኛው ጉዳት ከመጀመሪያው ይብሳል። ወጣቶች ከኪሳቸው አዋጥተው የገዙትን መሣሪያ አንድ ሰው ብቻ የሚነካው ከሆነ፣ ያ ሰው ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ሌላ አገር የሄደ ዕለት መሣሪያውም ዝም ይላል። እንግዲህ አያያዝ ስንል ብዙ እጅ ሳይበላሽ እንዲጫወትበት ማድረግ ማለታችን ነው።

በመጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ እንወቅ። ፒያኖ በመሠረቱ ባለ ክር መሣሪያ ነው። 88 ቁልፎች አሉት፤ ቁልፉ ሲነካ በውስጡ ያለች ትንሽ መዶሻ ክሩን ትመታለች፤ ድምፁም ከዚያ ይወጣል። እሱን ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ክፍል ማዛወር ብቻ የብዙ ሰው ጉልበት ይጠይቃል። ተንቀሳቃሹ ግን ክር የለውም። በአብዛኛው ከእውነተኛ ፒያኖ የተቀዳ ድምፅ በውስጡ ተቀምጧል፤ ቁልፉ ሲነካ ያንኑ መልሶ ያሰማል። በእኛ አካባቢ የሚዘወተረው ባለ 61 ቁልፉ ሲሆን አንድ ሰው በትከሻው ይዞት ይሄዳል። ባለ 88ቱ ከበድ ይላል፤ ፒያኖ በሚገባ ለመማር ግን እሱ ይሻላል። ለመዝሙርና ለኅብረት ዜማ 61 ቁልፍ ከበቂ በላይ ነው፤ ገንዘብ አጠረን ብሎ ማዘን አያስፈልግም።

ስለ ሠሪዎቹ አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። ካሲዮ የሒሳብ ማሽን ሠሪ ድርጅት ነበር፤ ካሲዮቶን የሚባሉትን ኪቦርዶች ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። የያማሃ ታሪክ ደግሞ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1887 ቶራኩሱ ያማሃ የተባለ ጃፓናዊ የአንድ ትምህርት ቤት የተበላሸ ኦርጋን በጠገነበት ጊዜ ነው። የከተማችንን ሬዲዮ ጠጋኞች ለሚንቅ ሰው ይህ ቢነገረው መልካም ነው።

አሁን ወደ ቁልፎቹ ውስጥ እንግባ፤ ይህን ያወቀ ሰው ጽዳትን ማንም ሳይነግረው ያከብራልና። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ከላስቲክ የተሠራ ትንሽ ጉብታ አለ። ቁልፉ ሲጫን ጉብታው ሁለት መገናኛዎችን፣ አንዱን አስቀድሞ ሌላውን አስከትሎ፣ ያገናኛል። መሣሪያው በሁለቱ መካከል ያለፈችውን ቅጽበት ይለካል። ቅጽበቷ ካጠረች በኃይል ተመታሁ ብሎ ድምፁን ያጎላል፤ ከረዘመች በቀስታ ተነካሁ ብሎ ያለሰልሳል። ታዲያ ከሁለቱ በአንዱ ላይ አቧራ ወይም የሻይ ጠብታ ቢያርፍ ልኬቱ ይዛባል፤ አንዷ ቁልፍ ጭራሽ ዝም ትላለች፣ ወይም በቀስታ ቢነኳት እንኳ ትጮኻለች። በዚህ ጊዜ ቁልፏን ደጋግሞ መደብደብ ይብሱን ይጎዳታል። ከፍቶ መገናኛዋን በንጹሕ አልኮል የሚጠርግ ባለሙያ ይፈለግላት። ብዙ ጊዜ «ሞቷል» ተብሎ ጥግ የሚጣለው ኪቦርድ ሕመሙ ይኸው ብቻ ነው።

ከላይ ያለው ገጽ የሚጸዳው በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ነው፤ እድፉ አልለቅ ካለ ጨርቁን በውኃ ነከር አድርጎ በደንብ ከጨመቁ በኋላ ማበስ ይቻላል። ቤንዚን፣ ቲነርና የጥፍር ቀለም ማጥፊያ ግን ፕላስቲኩን ስለሚበሉት ከአጠገቡ አይድረሱ። ስለ ዳንቴልም አንድ ቃል እንበል። እናቶቻችን በቴሌቪዥንና በቴፕ ላይ ዳንቴል እንደሚያለብሱ ሁሉ ኪቦርዱንም ያለብሱታል፤ ለዓይን ያምራል። ነገር ግን ዳንቴል ቀዳዳ ነው፤ በበጋ የኮምቦልቻ አቧራ ሲነሣ በቀዳዳው ሁሉ ይገባል። ከሥሩ ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ ይደረግና ዳንቴሉ ከላይ ይሁን፤ እናቶችም አይቀየሙም።

ከሁሉ የበለጠ መዘርዘር የሚገባው የመብራት ጉዳይ ነው። በየግድግዳው የሚመጣልን ኃይል 220 ቮልት ሲሆን ኪቦርዱ የሚፈልገው ግን ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። ብዙዎቹ የያማሃ ኪቦርዶች 12 ቮልት፣ ብዙዎቹ አዳዲስ ካሲዮዎች ደግሞ 9.5 ቮልት ይጠቀማሉ። ይህን የሚያወርድላቸው አዳፕተሩ ነው። አዳፕተሩ ሲጠፋ ወይም ሲቃጠል ገበያ ወጥቶ «የሚገባውን» መግዛት የተለመደ ነው። መግባቱ ብቻ ግን አይበቃም። አንደኛ ነገር ቮልቱ በኪቦርዱ ጀርባ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆን አለበት። አምፔሩም ከተጻፈው አያንስ፤ ቢበልጥ ጉዳት የለውም፤ ካነሰ ግን አዳፕተሩ ይግላል። ከዚህ ሌላ ብዙ ሰው የማያያት ትንሽ ሥዕል አለች፤ በመሐል ነጥብ፣ በዙሪያዋ ግማሽ ክብ፣ በግራና በቀኝ የመደመርና የመቀነስ ምልክት አላት። የአዳፕተሩ ጫፍ መሐሉ አዎንታዊ ይሁን አሉታዊ የምትናገረው እሷ ናት። የድሮዎቹ ባለ 9 ቮልት ካሲዮዎች መሐላቸው አሉታዊ ነው፤ አዲሶቹ ግን አዎንታዊ ነው። የአንዱ ኩባንያ ዕቃ እንኳ እርስ በርሱ እንደሚለያይ ከዚህ ማየት ይቻላል። ስለዚህ ወደ ሱቅ ስትሄዱ በእጃችሁ ኪቦርዱን ባትይዙ እንኳ በጀርባው ያለውን ጽሑፍና ይህችን ሥዕል በወረቀት ገልብጣችሁ ሂዱ።

መብራት ሲጠፋ ስፒናውን መንቀል፣ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ታግሦ መሰካት ጥሩ ልማድ ነው፤ ኃይሉ ሲመለስ አንዳንዴ ከልኩ አልፎ ይመጣልና። ስፒናው የሚነቀለው ራሱን ይዞ እንጂ ገመዱን ጎትቶ አይደለም። በአንድ ዲቫይደር ላይ ኪቦርድ፣ ማጉያ፣ የሻይ ማፍያና የስልክ ቻርጀር መደርደርም ይቅር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ ሁለቱም ከተሞች ያለ መብራት ሰንብተዋል፤ ያን ያየ ሰው ባትሪ ድንጋይ የሚቀበል ኪቦርድ ለምን እንደሚመረጥ አይጠይቅም። ብዙዎቹ ትንንሽ ኪቦርዶች ስድስት ባትሪ ድንጋይ ይወስዳሉ፤ እያንዳንዱ 1.5 ቮልት ስለሆነ በጠቅላላው 9 ቮልት ይሆናል። አሮጌና አዲስ ድንጋይ መቀላቀል አይገባም። ኪቦርዱ ለረጅም ጊዜ የማይነካ ከሆነም ድንጋዮቹ ይውጡ፤ ውስጡ ቆይተው የፈሰሱ እንደሆነ የሚነኩበትን ብረት ይበሉታል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር እንጥቀስ። ብዙዎቹ አዳዲስ ኪቦርዶች ለግማሽ ሰዓት ያህል ካልተነኩ በራሳቸው ይጠፋሉ። ትምህርቱ ረዘም ብሎ መዝሙር ሲጀመር ተጫዋቹ ቁልፉን ይነካል፤ ድምፅ የለም! ተበላሸ ተብሎ ሁካታ ይነሣል። ዕቃው ግን ተኝቶ ነው፤ አጥፍቶ እንደገና ማብራት ይበቃል። በብዙ የያማሃ ዓይነቶች ከሁሉ በስተግራ ያለውን ቁልፍ ተጭኖ መሣሪያውን በማብራት ይህን ባሕርዩን ማስቀረት ይቻላል።

ስለ እርጥበት ደግሞ የእኛ አገር አቀማመጥ ራሱ አስተማሪ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በጦሳ ሥር ትገኛለች፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ከደሴ በጧት ብርድ የወጣ ኪቦርድ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ዕቃው ገና እንደ ቀዘቀዘ ነው፤ አየሩ ግን ሞቅ ያለ ነው። ቀዝቃዛ የለስላሳ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ እንደሚያልበው ሁሉ ኪቦርዱም ውስጥ ውስጡን ያልበዋል። በዚህ ሁኔታ ወዲያው ኤሌክትሪክ መስጠት አደገኛ ነው። ከነቦርሳው ሳይከፈት አንድ ሰዓት ያህል ይቀመጥ፤ ክረምት ከሆነ ሁለት ሰዓት። እስከዚያ ሰላምታና ሻይ አለ።

በመንገድ ላይ ቦታው ከሰው ጋር፣ ከመቀመጫ ላይ ነው። ረዳቱ ፖርቶ መጋላ ላይ ልጫነው ሲል በትሕትና እምቢ በሉ፤ የአንድ ሰው ተጨማሪ ሒሳብ መክፈል ከጥገናው ይረክሳል። ቦርሳ ከሌለ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ከላይ ንጹሕ ማዳበሪያ ከረጢት ማልበስ ዝናቡን ይመክታል። አዳፕተሩ ግን ከቁልፎቹ ላይ ሳይሆን ለብቻው ይያዝ።

አዳራሽ ሲደርስ መጀመሪያ መቆሚያው ይስተካከል። የተጫዋቹ ክርን ከቁልፎቹ ጋር እኩል ቢሆን ትከሻ አይደክምም። ወለሉ ወጣ ገባ ከሆነ በመስቀል ቅርጽ ከሚታጠፈው መቆሚያ ይልቅ ጠንካራ ጠረጴዛ ይመረጣል። ፔዳል ካለ ኪቦርዱ ሲበራ እግር አይረፍበት፤ መሣሪያው ሲነሣ የፔዳሉን ሁኔታ ስለሚያነብ፣ ተረግጦ ከተበራ ነገሩን ገልብጦ ይይዘውና ድምፁ አልቆም ይላል። ከማጉያ ጋር ሲያያዝ ድምፁ ሁሉ ዝቅ ተደርጎ ኪቦርዱ ቀድሞ ይበራል፤ ማጉያው ይከተላል። ሲጠፋ ማጉያው ይቀድማል። ይህ ሲገለበጥ የሚሰማው «ዷ!» የሚል ድምፅ የድምፅ ማጉያውን የሚቀድ ነው።

ወደ አጨዋወቱ እንምጣ። የወሎ ልጆች በዚህ ረገድ ዕድለኞች ነን፤ ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የጎረቤቶቻችን ስም ናቸውና። ብዙ ጀማሪ እነዚህን ቅኝቶች በኪቦርድ መጫወት ከባድ ይመስለዋል። እስቲ ጥቁሮቹን ቁልፎች ተመልከቱ፤ ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት ሆነው ተደርድረዋል። ከሦስቱ ከመጀመሪያው ተነሥታችሁ አምስቱን ጥቁር በተራ ብትነኩ ትዝታን ታገኛላችሁ። ከሁለቱ ከሁለተኛው ብትነሡ ደግሞ እነዚያው አምስቱ ጥቁሮች ባቲን፣ ይኸውም ትካዜ ያለበትን ባቲ፣ ይሰጧችኋል። ሌላው ባቲ በነጮቹ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። አምባሰል ሙሉ በሙሉ ነጭ ላይ ይገኛል፤ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ። እነዚሁኑ አምስት ድምፆች ከላ ጀምራችሁ ብትደረድሯቸው ደግሞ ሌላ ዓይነት ትዝታ፣ ዜማው ዘንበል ያለው፣ ይወጣል። ጥቁርና ነጭ ካልቀላቀላችሁ የማይሆነው አንቺ ሆዬ ብቻ ነው፤ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ እና ከሶል በስተቀኝ ያለው ጥቁር። አንድ ልጅ ይህን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይማረዋል።

ሆኖም ኪቦርድ ዐሥራ ሁለቱን ድምፆች እኩል እኩል የቆረጠ ዕቃ ነው። የማሲንቆ ተጫዋች ጣት ግን በሁለት ቁልፎች መካከል ባለው ቦታ ላይ ማረፍ ትችላለች፤ የዘፋኝም ጉሮሮ እንደዚሁ። በተለይ አንቺ ሆዬና አምባሰል ሲዜሙ ይህ ልዩነት ለጆሮ ይታወቃል። ስለዚህ ኪቦርዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዜመኛውን ይከተል፤ ዜመኛው ኪቦርዱን ልከተል ብሎ ድምፁን አያስተካክል። ራሱ የሚመታውን ከበሮም ቢሆን እኔ ብዙ አልወደውም፤ በእጅ የሚመታ ከበሮ ካለ እሱ ይበቃል። ዜማው ለሴቶች ከፍ፣ ለወንዶች ዝቅ እንዲል ጣትን ሳይለውጡ ድምፁን ብቻ የሚያዛውር ቁልፍ በአብዛኛዎቹ ላይ አለ፤ ስሙ ትራንስፖዝ ነው። ከተጠቀሙ በኋላ ወደ ዜሮ መመለስ ግን ግዴታ ነው፤ አለዚያ ቀጣዩ ተጫዋች መዘምራኑን በማይደርሱበት ከፍታ ያስጀምራቸዋል።

መለማመጃ ቦታና ጊዜ የለኝም ለሚል ወጣት የኃይሉ መርጊያ ነገር ይነገረው። በዋልያስ ባንድ የታወቀው ይህ ሙዚቀኛ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ኪቦርዶች ጋር አጣምሮ አንድ ካሴት ቀረጸ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሲነዳ ኖረ። ኪቦርዱን ግን ከመኪናው ኮፈን አላወጣውም፤ በአውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት እያወጣ ይለማመድ ነበር። ያ ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ ሲወጣ ጣቶቹ ዝግጁ ስለነበሩ ወደ መድረክ ተመለሰ።

በአንድ የማውቀው ክፍል፣ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፣ ኪቦርዱ ከነካርቶኑ ተቆልፎ ሲኖር ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ ነበር። ሰውየው ክፋት የለባቸውም፤ የወጣቱ ገንዘብ እንዳይባክን ሠግተው ነው። ነገር ግን ለመማር የጠየቁት ልጆች፣ ይልቁንም ሴቶቹ፣ «በኋላ» እየተባሉ ቆይተው ተዉት። ይህ እንዳይሆን የሚከተለው አሠራር ይጠቅማል። አንድ ደብተር ይዘጋጅ፤ የወሰደው ሰው ስም፣ ቀኑና የመለሰበት ሰዓት፣ አዳፕተሩና ፔዳሉ አብረው መመለሳቸው፣ ድምፅ ያቆመች ቁልፍ ካለችም የትኛዋ እንደሆነች ይጻፍበት። የሣጥኑ ቁልፍ በሁለት ሰዎች ዘንድ ይሁን፤ ከሁለቱ አንዷ ሴት ትሁን። ለጀማሪዎች በሳምንት የታወቀ ሰዓት ይመደብ። ማዳመጫ ከተሰካበት ድምፁ ስለማይወጣ በሌላ ክፍል ትምህርት እየተሰጠ እንኳ አንድ ልጅ ጥግ ይዞ ሊለማመድ ይችላል። ማዳመጫው በስልክ ከምንጠቀምበት ዓይነት ከሆነ ጫፉ ቀጭን ስለሚሆን፣ ኪቦርዱ ወፍራሙን የሚቀበል እንደሆነ የሚያገናኝ ትንሽ ጃክ ከኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ይገዛል፤ እሷም በቀላሉ ስለምትጠፋ በክር ከቦርሳው ጋር ትታሰር።