ስለ መንገደኛና ስለ ባለቤት፤ በመካከላቸውም ስለሚሆነው ሰላም

አንባቢ ሆይ፤ ሰላም በሹማምንትና በመልእክተኞች ጉባኤ ብቻ የሚደረግ ነገር እንዳይመስልህ። በጉባኤ የተጻፈውን ወረቀት የሚያጸናው ወይም የሚያፈርሰው በየመንገዱና በየቤቱ የሚነገረው ቃል ነው። በሰሜን አገራችን በ2013 ዓ.ም. የተጀመረውን ጦርነት ለማቆም በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ፤ ይህም መልካም ነው። ዳሩ ግን ከአንዱ አገር ወደ ሌላው አገር የሚሄድ መንገደኛ «እነዚህ ሰዎች እንዴት ይቀበሉኝ ይሆን» እያለ የሚፈራው ፍርሃት በፊርማ የሚጠፋ አይደለም። እርሱ የሚጠፋው ደጅ ሲከፈት ነው።

ቀድሞ አባቶቻችን መንገድ ሲሄዱ የመሸባቸው እንደ ሆነ ከማያውቁት ሰው ደጅ ቆመው «የመሸብን የእግዚአብሔር እንግዶች ነን፤ አሳድሩን» ይሉ ነበር። ባለቤቱም አስገብቶ እግራቸውን አሳጥቦ ካለው ያበላቸው ነበር፤ አብርሃምም በመምሬ ለሦስቱ መንገደኞች ያደረገው እንዲሁ ነው። የዚህም ልማድ ትልቅነት በምግቡ ብቻ ሳይሆን በነገሩ ተራ ነው። አስቀድሞ እግር ይታጠባል፤ ቀጥሎ እህል ይቀርባል፤ ከወዴት እንደ መጣ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ግን ብዙዎቻችን ይህን ገልብጠነዋል። መንገደኛው ገና ሳይቀመጥ ስሙን ከነአባቱ እንጠይቃለን፤ ከስሙ ወገኑን እንገምታለን፤ ወገኑንም ካወቅን ወዲያ አሳቡን ሳይናገር ያወቅን ይመስለናል። እንዲህ ያለው ቤት ከማደሪያ ይልቅ ችሎት ይመስላል።

በዚህ ነገር ከጥንት ምሳሌ አለን። በእስልምና ታሪክ እንደሚነገረው፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ615 ዓመት ገደማ ከመካ የተሰደዱ ሰዎች ባሕር ተሻግረው ወደ አገራችን ንጉሥ መጡ። አሳዳጆቻቸውም ገጸ በረከት አስይዘው «አሳልፈህ ስጠን» የሚሉ መልእክተኞች ላኩ። ንጉሡ ግን የስደተኞቹን ቃል ከራሳቸው አፍ ሳይሰማ አልፈርድም አለ፤ ከሰማም በኋላ አልሰጣቸውም፤ ገጸ በረከቱንም መለሰ። ንጉሡ ክርስቲያን ነበረ፤ እንግዶቹ ግን የሌላ ሃይማኖት ሰዎች ነበሩ። ሙስሊሞች እስከ ዛሬ ድረስ ስሙን በበጎ ያነሡታል። እንግዲህ ባለቤት ሆይ፤ አንተም ስለ እንግዳህ ወገን ሌላ ሰው የነገረህን ይዘህ ከእርሱ ጋር አትከራከር፤ ስለ አገሩና ስለ ኑሮው እርሱ ራሱ ሲናገር ስማው። ቡናው አቦል፥ ቶና፥ በረካ እስኪባል ድረስ ጊዜ አለ።

በገበታ ነገር ደግሞ በጎ አሳብ ያለው ሰው እንኳ ይስታል። በአገራችን ክርስቲያንና ሙስሊም አንዱ ያረደውን ሌላው እንዳይበላ ልማድ ሆኖ ቆይቷል። በወሎ ሰርግ የሚደግስ ሰው ይህን ዐውቆ ለሌላው ሃይማኖት እንግዶች ለብቻ የታረደና ለብቻ የተሠራ ያዘጋጅላቸዋል፤ ስለዚህ በአንድ ዳስ ተቀምጠው ማንም ሳያፍር ይበላል። እንግዳህ የማይበላውን «እኔን የምትወድ ከሆነ» እያልህ አታጉርሰው፤ ሽሮና ምስር ለሁሉ ይሆናሉ። አንተም መንገደኛ በጾመኛ ቤት በዓርብ ቀን ወተት አትጠይቅ። (ጾመኛን በፊቱ ማቃለል የእምነት ብርታት የሚመስላቸው ወንድሞች አሉ፤ እኔም በወጣትነቴ ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ።)

ይህ አሳብ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1949፥ ቦብ ሉትዋይለር የሚባል አሜሪካዊ ከወዳጆቹ ጋር በዴንማርክ አገር አንድ ማኅበር አቆመ። ማኅበሩ በኋላ ሰርቫስ ተባለ፤ ቃሉም በኤስፔራንቶ ቋንቋ ማገልገልን ያመለክታል። ትናንት የተዋጉት ሕዝቦች አንዱ በሌላው ቤት እንግዳ ሆኖ ቢያድር፥ ከአንድ ገበታ ቢበላና ቢነጋገር፥ ዳግመኛ ለመዋጋት ይከብደዋል ብለው አሰቡ። ባለቤቱ ስለ ማደሪያው ገንዘብ አይቀበልም፤ መንገደኛውም አስቀድሞ በማኅበሩ ሰው ተጠይቆ የመተዋወቂያ ደብዳቤ ይዞ ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜም ሁለት ሌሊት ያድራል። ይህ የሁለት ሌሊት ነገር ጥበብ ያለበት ይመስለኛል፤ በፊተኛው ማታ ሁሉም ሰው ጨዋ ነውና፥ እውነተኛው ጨዋታ የሚመጣው በማግሥቱ ነው።

የመንገደኛው ድርሻ ቀላል አይደለም። ወደ ኦሮሞ አገር የሚሄድ «አካም ጅርቱ»፥ ወደ ትግራይ የሚሄድ «ከመይ ኣለኹም» ማለትን አስቀድሞ ይማር፤ አንዲት ቃል ብትሆን እንኳ የባለቤቱን ፊት ታበራለች። የቤቱን ድኽነት በእጅ ስልኩ ፎቶግራፍ እያነሣ ለወዳጆቹ አይላክ። ሲሄድ ገንዘብ ቢሰጥ የሚያስቀይም በሆነበት ቤት ቡናና ስኳር፥ ለልጆችም ደብተር ይተው።

ትልቁ ዕዳው ግን ከቤቱ ከወጣ በኋላ ይጀምራል፤ ይኸውም ያየውን ሲያወራ ነው። ይህን የተማርሁት በራሴ ጥፋት ነው። ወጣት ሳለሁ በሰኔ ወር እኩሌታ ከጓደኞቼ ጋር በአውቶቡስ ወደ አንድ ደጋ አገር ስንሄድ መኪናው ተበላሸ፤ ዝናብ እየዘነበም መሸብን። አንዲት ባልቴት «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቡ» ብላ አስገባችን። እግራችንን አጠበችን፤ እሳት አነደደችልን፤ ቡና አፈላችልን፤ የቀረበልን እህል ግን አንድ ሰፌድ የገብስ ቆሎ ብቻ ነበረ። እንጀራ ይመጣል ብለን ጠበቅን፤ አልመጣም። ሲነጋ አመስግነን ሄድን። ወደ ከተማ በተመለስሁ ጊዜ ግን «የዚያ አገር ሰው እንግዳን በቆሎ ያሳድራል» እያልሁ በየጨዋታው ሰው አስቅ ነበር። ነገሩም ከእኔ አፍ ወጥቶ በሰፈራችን እንደ ተረት ሆነ።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ከዚያው አገር የመጣ አንድ ተማሪ በሰፈራችን ክፍል ሊከራይ ጠየቀ። አከራዩ የመጣበትን አገር በሰማ ጊዜ «እነርሱማ ንፉጎች ናቸው፤ ኪራይም አይከፍሉ» ብሎ መለሰው። እኔ በአጠገቡ ቆሜ ነበር፤ ቃሉ ከእኔ እንደ ወጣም ዐወቅሁ፤ ነገር ግን «ያየሁትን ነው የተናገርሁት» ብዬ ኅሊናዬን አባበልሁና ዝም አልሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ የዚያን አገር ሰው የሆኑ አንድ ሽማግሌ አገኘሁና ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው፤ አውነቱን ብናገር፥ እንዲያጸድቁኝ ፈልጌ ነበር። እርሳቸውም በየትኛው ወር እንደ ነበረ ጠየቁኝ። በሰኔ እኩሌታ ነው አልኋቸው። ቆሎው የምን እንደ ነበረ ጠየቁኝ። የገብስ ነው አልኋቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ልጄ፥ በዚያ ወር በድኻ ቤት የሚገኝ ገብስ ለዘር የተቀመጠው ነው። ከተቆላ ደግሞ አይበቅልም» አሉኝ።

በማግሥቱ ወደ አከራዩ ሄጄ ይህን ነገርሁት። እርሱም ሰምቶ «እንግዲያውስ ልጁን ጥራው፤ ክፍሉ እስካሁን ባዶ ነው» አለኝ። ፈለግሁት፤ ነገር ግን ከዚያ ሰፈር ሄዶ ነበር፤ ወዴት እንደ ሄደም የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።