ከግንዱ ጀምር

ከቦንጋ ወጣ ብሎ ባለ መንደር፣ አንድ ወጣት የደን አስጎብኚ ሐሞክ የሚባለውን ተንጠልጣይ አልጋ በጀርባው አዝሎ ከአንድ ቀፎ ሰቃይ አዛውንት ደጅ ደረሰ። አዛውንቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ በሐረግና በገመድ ከዛፍ ዛፍ ሲወጡ ኖረዋል፤ ኋላም የደን አጥኚዎችን ዕቃ ተሸክመው ጫካውን ዞረዋል። ጨዋታቸው እንዲህ ነበር።

ወጣት፦ አባባ፣ ማንኪራ ጫካ ውስጥ የሚያድሩ እንግዶች አሉኝ። አልጋው ጥሩ ነው፤ ያስጨነቀኝ ማንጠልጠያው ነው። ይኸው ናይለን ገመድ፣ ይኸው ሁለት መንጠቆ። ይበቃኛል?

አዛውንት፦ በመጀመሪያ ተቀመጥ። ገመዱን አሳየኝ እስቲ። ጣቴን አያክልም። ሰውየውን ይሸከም ይሆናል፤ ዛፉን ግን ይበላዋል።

ወጣት፦ በአንድ ሌሊት?

አዛውንት፦ የዛፍ ምግብ ከቅጠሉ ወደ ሥሩ የሚወርደው ከቅርፊቱ ሥር ባለው ስስ ሽፋን ነው። ቀጭን ገመድ ክብደት ሲያርፍበት ያንን ሽፋን ይጨፈልቀዋል። ዛሬ የአንተ እንግዳ ያስራል፣ ነገ የሌላው፤ ቦታው ያው ነው፣ ምክንያቱም ጥሩ ጥላ ያለበትን ሁሉም ይመርጣል። ዙሪያውን የተጎዳ ዛፍ ቆሞ ይደርቃል። ዛፍ ሳይቆርጥ መግደል የሚፈልግ ሰው ቅርፊቱን ዙሪያውን ልጦ የሚሄደው ለምን ይመስልሃል?

ወጣት፦ ታዲያ ምን ልግዛ?

አዛውንት፦ ጠፍጣፋ ቀበቶ። ስፋቱ ቢያንስ 2.5 ሳንቲሜትር ይሁን፤ 5 ካገኘህ አትለፈው። ሰፊ ቀበቶ ክብደቱን ያከፋፍለዋል። ገመድህን መጠቀም ከፈለግህም ከቀበቶው ወዲህ ይሁን እንጂ ግንዱን አይንካ።

ወጣት፦ ገበያ ላይ ያለው ቀበቶ ሁሉ አንድ ይመስለኛል።

አዛውንት፦ አይደለም። የጠፍር አልጋ ሲሠራ አይተህ ታውቃለህ? ጠፍሩ ርሶ ነው የሚወጠረው፤ ሲደርቅ ይከራል። ያንኑ አልጋ ዝናብ ቢያገኘው ይረግብና መሬት ሊነካ ይደርሳል። ናይለንም እንደዚያ ነው፤ ሲጫኑት ይለጠጣል፣ ሲርስ ይብስበታል። እንግዳህ ማታ ከመሬት ከፍ ብሎ ተኝቶ ሌሊት ጀርባው ሣር ላይ ያርፋል። በእኛ አገር ዝናብ ደግሞ የሚያቋርጥበት ወር ጥቂት ነው። ስለዚህ ፖሊስተር ፈልግ፤ ብዙም አይለጠጥም። ቃጫ እርጥበት ያበሰብሰዋል። ርካሹ የፕላስቲክ ገመድ ፀሐይ ካገኘው በጊዜ ብዛት እንደ ገለባ ይሰባበራል።

ወጣት፦ ፖሊስተር መሆኑን በምን አውቃለሁ?

አዛውንት፦ የአይሱዙ ሾፌሮች ጭነት የሚያስሩበት ቀበቶ አለ አይደል? በአውሮፓ ደንብ የተሠራ ከሆነ የተሰፋበትን ምልክት እይ። ሰማያዊ ፖሊስተር ነው፣ አረንጓዴ ናይለን፣ ቡናማ ፖሊፕሮፒሊን። አዲሱን ግዛ። ጠርዙ የተበላ፣ ዘይት የጠጣ፣ ቀለሙ የለቀቀ ከሆነ ተወው። ማጥበቂያ ብረቱን ደግሞ አውጣው፤ እሱ ጭነት ላይ ይሠራል፣ ግንድ ላይ ግን አንቆ ይይዛል። ለሐሞክ ተብሎ የሚሸጠውና በየቦታው ቀለበት ቀለበት ሆኖ የተሰፋው ቀበቶም ጥሩ ነው፤ ቋጠሮ ለማይችል እንግዳ ይመቻል። ስፌቱን ግን አንድ በአንድ በጣትህ ዳስሰው።

ወጣት፦ መንጠቆዎቹስ?

አዛውንት፦ ሁለቱንም ለእናትህ ስጣቸው፣ ዕቃ ታንጠልጥልባቸው። አፉ ክፍት የሆነ መንጠቆ ሰውየው ሲነሳና ገመዱ ሲላላ ዘሎ ይወጣል፤ ተመልሶ ሲቀመጥ መሬት ነው የሚቀበለው። ተራራ ወጪዎች ካራቢነር የሚሉትን፣ በር ያለውን ቀለበት ግዛ። ጎኑ ላይ ቁጥር ተቀርጾበታል። ይኼን አንብብልኝ።

ወጣት፦ 22፣ 7፣ 7 ይላል።

አዛውንት፦ በኪሎኒውተን ነው፤ አንዱ ወደ 100 ኪሎ ገደማ ክብደት ነው። በቁመቱ ሲጎተት 22 ይችላል፤ በጎኑ ሲጎተት ወይም በሩ ክፍት ሆኖ ሲጎተት ግን 7 ብቻ። ስለዚህ በቁመቱ መያዙን፣ በሩም መዘጋቱን ሳታይ ማንንም አታስተኛ። ቁጥር የሌለው የቁልፍ መያዣ ቀለበት ሰው አይሸከምም፣ መልኩ አንድ ቢሆንም።

ወጣት፦ ጥሩ ነው። እኔ እንግዲህ እንደ ዝርግ አልጋ እንዲሆን ጥብቅ አድርጌ ልወጥረው ነበር።

አዛውንት፦ እሱ ነው ትልቁ ስህተት! ሁለት ልጆች አንድ ጀሪካን ውሃ በገመድ መሃላቸው ይዘው ሲሄዱ እይ። ተጠጋግተው ሲሄዱ ይቀላቸዋል፤ ተራርቀው ገመዱን ሲወጥሩት ክንዳቸው ይገነጠላል። ውሃው ግን ያው ነው። 70 ኪሎ ሰው ቢተኛና ቀበቶው 30 ዲግሪ ቢያዘነብል እያንዳንዱ ጎን 70 ኪሎ ይጎተታል። 10 ዲግሪ ብቻ ካዘነበለ 200 ኪሎ ይደርሳል። 5 ዲግሪ ከሆነ ደግሞ 400። ቀበቶ የሚበጠሰው፣ ስፌት የሚተረተረው፣ ግንድ የሚፋቀው እዚህ ላይ ነው።

ወጣት፦ 30 ዲግሪን ጫካ ውስጥ በምን ልለካ?

አዛውንት፦ በክንድህ። ሁለት ክንድ ወደ ጎን ሲሄድ ከአንድ ክንድ ትንሽ በለጥ ብሎ ወደ ታች ይውረድ። ሐሞኩ እንደ ጀልባ ይጎብጥ፤ ሰውየው አግድም ሰያፍ ብሎ ሲተኛበት ጀርባው ይዘረጋል። መቀመጫው ከመሬት አንድ ክንድ አይለፍ። ከፍ ያለ ሐሞክ ለፎቶ ነው፣ ለወገብ አይደለም።

ወጣት፦ ዛፉንስ እንዴት ልምረጥ?

አዛውንት፦ ጎበዝ፣ እኔ ከዚህ ነበር የምጀምረው። ከአራት እስከ አምስት ሜትር የሚራራቁ፣ ወፍራም ጭን የሚያክሉ ሁለት ሕያው ዛፎች ፈልግ። ትልቁ ቀረሮ ያምርሃል፤ ግን ወርዱ አንድ ሜትር ከሆነ አንዴ ለመዞር ብቻ ከሦስት ሜትር በላይ ቀበቶ ይወስድብሃል። ከዚያ ቀና በል፤ የደረቀ ቅርንጫፍ ካለ ሂድ ከዚያ። ገተሜን፣ እኛ ቡቶ የምንለውን፣ ተወው። ነጩ ማራችን የሚመጣው ከአበባው ነው። ብዙ ጊዜም ሌላ ዛፍ ላይ በቅሎ ነው የሚያድገው፤ ተሸካሚው ውስጡ በስብሶ ይሆናል፣ ከውጭ አታውቅም። ቀፎ ካየህ ደግሞ ዛፉ ባለቤት አለው፤ ሳትጠይቅ አትሰር፣ ከሥሩም አታስተኛ።

ወጣት፦ ዝናብ ቢመጣ ውሃው ቀበቶውን ተከትሎ አልጋው ውስጥ አይገባም?

አዛውንት፦ ይገባል። ቀበቶው ላይ፣ ከመጠለያው ሸራ ሥር፣ አጭር የጥጥ ክር አንጠልጥል፤ ውሃው በክሩ ይወርዳል።

ወጣት፦ ይህን ሁሉ ለአንድ ሌሊት!

አዛውንት፦ የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ ከዚያ ወዲህ እንግዳው አንድ ሌሊት ያድራል፣ ዛፉ ግን ሁሉንም እንግዳ ያስተናግዳል። ጠዋት ስትፈታ እጅህን ግንዱ ላይ አሳልፈው። ቅርፊቱ ከተጋጠ ወይም ከረጠበ ቀበቶህ ጠባብ ነው፤ ለሚቀጥለው እንግዳ ሰፋ ያለውን ሳትገዛ ወደ ማንኪራ አትመለስ።