በኤድስ ስለ ተጎዱ ቤተ ሰቦች የቤተ ክርስቲያን ግዴታ

ደዌ በሰው ላይ በወደቀ ጊዜ የሚጎዳው የታመመው አካል ብቻ አይደለም። ባል ሲታመም በሬው ያለ አራሽ ይቆማል፤ ሚስት ስትታመም ምድጃው ይቀዘቅዛል፤ ሁለቱም ሲያልፉ ልጆቹ በደከመች አያት እጅ ይቀራሉ። ኤድስ የተባለው በሽታም ባልና ሚስትን፣ እናትና ልጅን አንድነት የሚያጠቃ ስለ ሆነ፣ የቤተ ክርስቲያን ጥያቄ ሕመምተኛውን በምን ቃል እናጽናናው የሚል ብቻ ሊሆን አይገባም፤ የሚፈርሰውን ቤት በምን እናቆመው የሚል ጭምር መሆን አለበት። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንወደው፣ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መሣሪያ ከጥንት ጀምሮ በእጃችን መኖሩን ነው። ይኸውም የነፍስ አባት፣ ሰንበቴና ማኅበር፣ እንዲሁም ሰበካ ጉባኤ ነው።

የበሽታው ምክንያት የሆነው ኤች አይ ቪ የተባለው ቫይረስ በአገራችን ሰዎች ደም ውስጥ የተገኘው በ1976 ዓ. ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን የታወቁት በ1978 ዓ. ም. ነው። ከዚያ በኋላ መድኃኒት ለድኻው ሳይደርስ በቈየበት ዘመን ብዙ ቤት ተዘግቷል። ቫይረሱን የሚያዳክመው መድኃኒት ያለ ዋጋ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ. ም. ነው። ዛሬ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው ሠርቶ፣ ልጆቹን አሳድጎ ይኖራል፤ በደሙ ያለው ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ቀንሶ ሲቈይም በሩካቤ ወደ ትዳር ጓደኛው አይተላለፍም። እንግዲህ መድኃኒት እያለ ቤት የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ በሐፍረትና በዝምታ ነው።

ነገሩን በአንድ አገር ለይተን ብንመለከተው ይበልጥ ይገለጣል። በስሜን አገር በደረስጌ፣ በደባርቅና በደባት ዙሪያ መሬት የጠበበው ገበሬ በሰሊጥ አጨዳ ወራት ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቈላ እየወረደ በቀን ሥራ ይኖራል። በዚያም ከትዳሩ፣ ከነፍስ አባቱና ከማኅበሩ ርቆ ሲቀመጥ ፈተና ያገኘዋል። ሲመለስም ሚስቱ የምትቀበለው የላቡን ዋጋ ብቻ ላይሆን ይችላል። እርስዋ ከደጇ ሳትርቅ፣ ቃል ኪዳኗንም ሳታፈርስ ትታመማለች። ከማኅፀን ያልወጣው ሕፃን ደግሞ ምን በደለ? ስለዚህ በዚህ በሽታ የተያዘውን ሁሉ አመንዝራ የሚል ሰው በንጹሓን ላይ ይፈርዳል።

ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ኃጢአቱ የማን እንደ ሆነ በጠየቁ ጊዜ፣ ጌታችን የእርሱም የወላጆቹም አለመሆኑን ገልጾ ዐይኑን አበራለት። የኢዮብም ወዳጆች ሰባት ቀን ከእርሱ ጋራ በምድር ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ አጽናኞች ነበሩ፤ በደሉን ሊመረምሩ አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ግን ቍስል ጨመሩበት። ይህ አነጋገር ዝሙትን ማቃለል አይሆንምን? የሚል ቢኖር፣ አይደለም እንለዋለን። ስለ ንጽሕና ማስተማር የዘወትር ሥራችን ነው፤ በተለይም ጐልማሶች ወደ ቈላ ከመውረዳቸው በፊት በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል። ነገር ግን ደጉ ሳምራዊ በኢያሪኮ መንገድ የወደቀውን ሰው ስለ ምን ብቻህን ወጣህ ብሎ አልጠየቀውም፤ ዘይትና ወይን አፍስሶ ቍስሉን አሰረለት እንጂ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ የነፍስ አባት ነው። ሰው ለሚስቱ እንኳ ያልገለጠውን ለእርሱ ይገልጣል፤ ስለዚህ ምስጢሩን አጥብቆ መጠበቅ አለበት። የአንዱ ሰው ምስጢር በአንድ መንደር ቢወጣ፣ ዐሥር ሰዎች ምርመራ ከመሄድ ይቀራሉ። ምስጢሩን ጠብቆ ግን ሕመምተኛው ራሱ ለትዳር ጓደኛው እንዲናገር ሊያበረታውና ሁለቱንም ወደ ጤና ጣቢያ ሊልካቸው ይገባል። ጠበልና መድኃኒትም አይጣሉም። ሕሙማን መድኃኒታቸውን ትተው በጠበል ብቻ በመቀመጣቸው ብዙ ጉዳት ስለ ደረሰ፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ. ም. ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አንድነት እንዲወስዱ አስተምረዋል። መጽሐፈ ሲራክም ባለ መድኃኒትን ማክበር እንደሚገባና መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተምራል። መድኃኒቱ በተቋረጠ ጊዜ ቫይረሱ ኃይሉን ያድሳል፤ መድኃኒቱንም መልመድና መቋቋም ይጀምራል። ጾም በገባ ጊዜም ሕመምተኛው በኅሊናው ተጨንቆ መድኃኒቱን እንዳይተው የነፍስ አባቱ አስቀድሞ ይምከረው፤ ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም በሚናገረው አንቀጹ ለታመመ ሰው ማረፊያ አድርጎለታልና።

ሁለተኛው ሥራ ስለ ጋብቻና ስለ እናቶች ነው። ተጋቢዎች ወደ ተክሊል ከመቅረባቸው በፊት እንዲመረመሩ መምከር የካህን ፍቅር ምልክት ነው፤ የምርመራውም ፍሬ ለመለያየት ብቻ ሳይሆን አውቆና ተጠንቅቆ ለመኖር ይጠቅማል። ቫይረሱ ያለባት እናት ሕክምና ባታገኝ በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ወደ ልጅዋ የሚተላለፍበት መጠን ከ100 ከ15 እስከ 45 ሲደርስ፣ በሚገባ ብትታከም ግን ከ5 በታች ይሆናል። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ለክርስትና ስትመጣ ደስ የሚለን እንደ ሆነ፣ ስለ ጤናቸው ማሰብን ገና በእናታቸው ማኅፀን ሳሉ እንጀምር።

ሦስተኛው ሥራ መበለቶችንና ሙት ልጆችን መጠበቅ ነው። ሰንበቴና ማኅበር የሚበላበትና የሚጠጣበት ቀን ብቻ አይደለም፤ የማኅበርተኛውን ቤት ማወቂያም ነው። ማኅበርተኞች ተከፋፍለው የመበለቲቱን እርሻ ቢያርሱላት፣ አዝመራዋንም ቢያስገቡላት፣ በደግስ ከሚወጣው ከፊሉን ለልጆቹ ልብስና ደብተር ቢያውሉት፣ ይህ ራሱ ዝክር ነው። ለተዝካር ተብሎ በሬ ቢሸጥ ሙት ልጆች በምን ያርሳሉ? በአማራ ክልል በመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አንድነት ስለሚጻፍ፣ ዘመዶች መበለቲቱን ከመሬቷ ሊያስወጧት ቢነሡ ሰበካ ጉባኤው ስለ እርስዋ ቆሞ ይመስክር። መድኃኒቷን ለመቀበል ሩቅ መንገድ የምትሄድ ብትሆን የሚሸኛትና ልጆቿን የሚጠብቅላት ሰው ይመደብ።

ይህንም ሁሉ የውጭ ርዳታ ሳንጠብቅ ልንጀምረው እንችላለን። በ2017 ዓ. ም. የአሜሪካ መንግሥት ርዳታውን በድንገት ባገደ ጊዜ፣ በዚህ ሥራ ያገለግሉ የነበሩ ብዙ የጤና ሠራተኞች በአገራችን ከሥራቸው ተሰናብተዋል። ከሩቅ የሚመጣ ርዳታ በምስጋና የሚቀበሉት ቢሆንም፣ ሊቋረጥ ይችላል፤ የጎረቤት እጅ ግን ቅርብ ነው። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት በቂሳርያ አጠገብ ለሕሙማንና ለድኾች ማረፊያ ቤት ሲሠራ የባለጠጎችን ጎተራ በስብከቱ አስከፍቶ ነበር።

የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ ደጃዝማች ውቤ ናቸው። ነገር ግን በየካቲት 1847 ዓ. ም. በጦርነት ድል ስለ ሆኑ፣ ባሠሯት ቤተ ክርስቲያን ደጃዝማች ካሣ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው፣ አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡባት። ድል ያደረጉትም ድል የሆኑትም ሁለቱም አልፈዋል፤ ደብሪቱ ግን እስከ ዛሬ የድኻውን ልጅ ታጠምቃለች፣ ሙታንንም ትሸኛለች። የደብር ክብር በውስጡ በተጫነው ዘውድ ሳይሆን በጥላው በተጠጋው ምስኪን ይታወቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ አጥቢያ በመጪው የሰንበቴ ቀን፣ በሰበካው ያሉት መበለቶችና ሙት ልጆች እነማን እንደ ሆኑ፣ የበሽታቸውን ስም ሳይጠይቅ፣ ችግራቸውን ብቻ ይመርምር፤ ለየቤቱም ኃላፊ ይሰይም።

ለምጻሙን በእጁ ዳስሶ ያነጻ አምላካችን ለሕሙማን ፈውስን፣ ለመበለቶች ጠባቂን፣ ለእኛም የማይደክም ፍቅርን ይስጠን፤ አሜን።