ክብደት ለመቀነስ የሚሻ ሰው ስንት ካርቦሃይድሬት ይመገብ?

የሰው ሰውነት ያለ ምግብ ሊንቀሳቀስ እንደማይችል ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ሁሉም ያውቀዋል። ነገር ግን የቱን ምግብ በምን ያህል መጠን መመገብ እንደሚገባ ጠይቆ የሚረዳ ሰው ጥቂት ነው። እኔም ከማይጠይቁት አንዱ ነበርሁ። ባለመጠየቄም በቤታችን ያደረስሁትን ጥፋት አስቀድሜ ተናግሬ፥ ከዚያ የተማርሁትን ለጓደኞቼ፥ ለመምህራንና ለወላጆች ለማካፈል እሞክራለሁ።

እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። በ2017 ዓ.ም. በመስከረም ወር ክብደትዋ 82 ኪሎ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ጥቂት ብትቀንስ ለጤናዋ እንደሚበጃት ተነግሯት ወደ ቤት መጣች። እኔም በዚያው ሰሞን «ካርቦሃይድሬት የሚባለው ሁሉ ያወፍራል» ሲባል ሰምቼ ነበርና፥ እንደ ትልቅ ሊቅ ሆኜ «እማዬ፥ ከዛሬ ጀምሮ እንጀራም ዳቦም አትብዪ» አልኋት። እርስዋም የተማረ ልጅዋን አምና እሺ አለች።

በአምስተኛው ቀን ጧት መድኃኒትዋን ውጣ፥ ቁርስ ሳትቀምስ ጎመን ስትከትፍ እጅዋ ይንቀጠቀጥ፥ ላብም በግንባርዋ ይወርድ ጀመር። ስሜን ጠርታ ሌላ ነገር ልትናገር ብትሞክር ቃሉ ጠፋባት። ጎረቤታችን እትዬ ሮጠው መጥተው በብርጭቆ ውኃ ስኳር በጥብጠው አጠጧት፤ ከጥቂት ደቂቃም በኋላ ወደ ራስዋ ተመለሰች። ወደ ሕክምና ስንወስዳት ሐኪሙ «እንጀራውን ማን ከለከለዎት?» ብለው ጠየቋት። እናቴም «ልጄ ነው፤ የተማረ ነው» ብላ መለሰች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ ነበር።

ሐኪሙ እንዳስረዱኝ፥ እናቴ የምትወስደው መድኃኒት ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚያስገድድ ዐይነት ነው። ኢንሱሊንም በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ወደ ሰውነት ሕዋሳት ያስገባል። እንግዲህ እንጀራው ቀርቶ መድኃኒቱ እንዳለ ከቀጠለ፥ የደሙ ስኳር ከሚገባው በታች ይወርዳል። ስለዚህ እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚውጥ ወይም ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ምግቡን መለወጥ የለበትም። የመጀመሪያው ትምህርቴ ይህ ነበር።

ካርቦሃይድሬት ምንድን ነው?

ካርቦሃይድሬት ኀይል ከሚሰጡን ሦስት ዋና ዋና የምግብ ክፍሎች አንዱ ሲሆን፥ ሁለቱ ፕሮቲንና ቅባት ናቸው። በጤፍ፥ በስንዴ፥ በድንች፥ በምስር፥ በፍራፍሬ፥ በማርና በስኳር ውስጥ ይገኛል። አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፤ ፕሮቲንም እንዲሁ 4 ነው። አንድ ግራም ቅባት ግን 9 ይሰጣል። እንጀራውን ቀንሶ በወጡ ላይ ዘይት የሚጨምር ሰው ትርፉ ድካም የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ኪሎ ካሎሪ ያህል አለውና።

ሰውነት የሚወፍረው ከሚያቃጥለው የበለጠ ኀይል በሚያገኝበት ጊዜ ነው። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፥ 609 ሰዎች በሁለት ተከፍለው፥ አንደኛው ወገን ቅባት፥ ሌላው ካርቦሃይድሬት እየቀነሰ 12 ወር ቆየ። የመጀመሪያዎቹ በአማካይ 5.3 ኪሎ፥ ሁለተኞቹ 6 ኪሎ ቀነሱ፤ ልዩነቱም ይህን ያህል የሚቈጠር ሆኖ አልተገኘም። ሁለቱም ወገኖች ስኳርና የተፈተገ ዱቄት እንዲተዉ ተመክረው ነበር።

ታዲያ እንጀራ የተወ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ቶሎ የሚቀለው ለምንድን ነው? ሰውነት የተረፈውን ካርቦሃይድሬት ግላይኮጅን አድርጎ በጡንቻና በጉበት ያስቀምጠዋል፤ ከእያንዳንዱ ግራም ጋርም ወደ 3 ግራም ውኃ ይቀመጣል። ግላይኮጅኑ ሲያልቅ ውኃው አብሮ ይወጣል። ስለዚህ በዚያ ሳምንት ከጠፋው ክብደት ብዙው ውኃ እንጂ ስብ አይደለም።

ልኩን እንዴት እንደ ወሰንን

የምግብ ባለሙያዋ የእናቴን ዕድሜ፥ ቁመትና ሥራ አይተው ለእርስዋ በቀን 1500 ኪሎ ካሎሪ እንዲበቃት ነገሩን። የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ ከጠቅላላው ኀይል ከ45 እስከ 65 በመቶው ከካርቦሃይድሬት ቢገኝ መልካም እንደ ሆነ ይገልጻል። እንደዚሁም አንጎል የሚፈጀውን የስኳር መጠን መነሻ አድርጎ፥ ለአንድ አዋቂ በቀን 130 ግራም ካርቦሃይድሬት መድቧል። እኛም ግማሹን ወሰድን፤ ይኸውም 750 ኪሎ ካሎሪ ለ4 ሲካፈል 187 ግራም ያህል ይሆናል።

ቀጥሎ ወደ መሶባችን ተመለስን። በ100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ 73 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለ። ከ3 ኪሎ ዱቄት 20 እንጀራ እንደሚወጣ በቤታችን ስለ ቈጠርሁ፥ በአንዱ እንጀራ 110 ግራም ያህል መኖሩን አገኘሁ። እናቴ ቀድሞ በቀን ሁለት እንጀራ ተኩል ትበላ ነበር፤ ይህ 275 ግራም ነው። ሻይዋን አራት ጊዜ፥ በየጊዜውም በሦስት ማንኪያ ስኳር ትጠጣ ስለ ነበረ፥ ማንኪያው 4 ግራም ቢይዝ 48 ግራም ይጨመራል። ድምሩ 323 ግራም ሆነ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር፥ ማርና የፍራፍሬ ጭማቂ ጭምር፥ ከጠቅላላው ኀይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። ይህ ለእናቴ 37 ግራም ያህል ነው፤ የሻዩ ስኳር ብቻውን ከዚህ አልፏል። ስለዚህ በሐኪሙ ፈቃድ በመጀመሪያ የቀነስነው እንጀራውን ሳይሆን የሻዩን ስኳር ነው።

ዛሬ የእናቴ የቀን ምግብ እንደዚህ ነው፤ አንድ እንጀራ ለሦስት ገበታ ተከፍሎ 110 ግራም፥ 200 ግራም የበሰለ ምስር 40 ግራም፥ ጎመን፥ ካሮትና አንድ ፍሬ 35 ግራም፤ ድምሩ 185 ግራም ነው። የቀረውን ኀይል ከዕንቁላል፥ ከሥጋና ከጥቂት ዘይት ታገኛለች። በጾም ወራት ደግሞ ምስሩና ሽሮው ከፍ ይላል። ጥራጥሬ ካርቦሃይድሬት ቢኖረውም ፕሮቲንና ቶሎ የማይፈጭ አሰር ስላለው፥ ከስኳር ጋር አንድ አድርጎ መቍጠር ስሕተት ነው። ካርቦሃይድሬትን ሁሉ የሚሸሽ ጿሚ ከመሶቡ ምን ሊቀርለት ነው?

በሰባት ወር እናቴ ከ82 ወደ 77 ኪሎ ወረደች። ሐኪሙም የደምዋን ስኳር እየተከታተሉ የመድኃኒትዋን መጠን ቀነሱላት። እጅዋ እንደዚያን ቀን ዳግመኛ አልተንቀጠቀጠም።

ውድ አንባብያን፥ 185 ግራም የእናቴ ልክ ነው እንጂ የሁላችንም አይደለም። ቀኑን ሙሉ የሚያርስ ገበሬ ከዚህ እጅግ የበለጠ ያስፈልገዋል። እኛ ተማሪዎችም ገና በማደግ ላይ ያለን ስለ ሆንን፥ በጓደኛ ወሬ ብቻ ምግብ ልንተው አይገባንም። «ሳያጣሩ ወሬ፥ ሳይገድሉ ጎፈሬ» እንዲሉ፥ እኔ ሳላጣራ ያወራሁት ወሬ እናቴን ሊያሳጣኝ ነበር።

አሁን እናቴ ገበታ በቀረበ ቍጥር «ልጄ፥ ይህ ስንት ግራም ነው?» ትለኛለች። እኔም ሳልመዝን አልመልስላትም።